ቁርጥ ዋጋና ኩፖን፤ ከጄ. ሲ. ፔኒ ኵባንያ ታሪክ

ስለ ንግድ የሚጽፉ ሰዎች ኩፖንን አብዛኛውን ጊዜ የማስታወቂያ ዘዴ ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን በአሜሪካ የልብስና የካታሎግ ንግድ ታሪክ ውስጥ ስንመረምረው፥ ከሱቅ የተባረረው የዋጋ ክርክር በሌላ በር ተመልሶ የገባበት መንገድ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በ1872 ዓ.ም. አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ በቺካጎ ከተማ 163 ዕቃዎችን ከነዋጋቸው የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት አሳትሞ ለገበሬዎች ላከ። በሩቅ ያለ ገበሬ በደብዳቤ ሊከራከር አይችልምና የታተመው ዋጋ ቁርጥ መሆን ነበረበት። ዕቃውን ሳያይ ገንዘቡን እንዲልክ ያደፈረውም ይኸው እምነት ነው።

ጄምስ ካሽ ፔኒም በ1902 ዓ.ም. በዋዮሚንግ ግዛት፥ ኬመረር በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ሱቅ ሲከፍት፥ ደንቡ እጅ በእጅ ክፍያና ለሁሉ አንድ ዋጋ ነበር። ኵባንያው በ1963 ዓ.ም. የራሱን ካታሎግ ማውጣት ጀመረ። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ግን የመሥራቹ ደንብ ተረሳ፤ ዋጋውን ከፍ አድርጎ መጻፍና በኩፖን መቀነስ ልማድ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ብቻ 590 ያህል የቅናሽ ሽያጭ ተደርጓል። በተጻፈበት ዋጋ የሚገዛ ሰው አልነበረም ለማለት ጥቂት ይቀራል።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. ቀድሞ የአፕል ኵባንያ ሱቆች ኀላፊ የነበረው ሮን ጆንሰን ኩፖኑን አስቀርቶ ዋጋውን ከሥሩ ቀነሰ። በሒሳብ ካየነው የሚነቀፍ አይደለም። 50 ዶላር ተጽፎበት በኩፖን 30 የሚሸጥ ቀሚስ፥ ከመጀመሪያው 30 ቢባል ለኪስ ምን ልዩነት አለው? ለገዢዋ ግን አለው። ኩፖኑን ፈልጋ፥ ቀኑን ጠብቃ ያተረፈችው 20 ዶላር የራሷ ብልኀት ፍሬ ነው። ደግሞም 30 ዶላር ርካሽ መሆኑን የምትለካው በ50ው ነበር። ነጋዴውም ቢሆን ተጠቃሚ ነው፤ ጊዜ ያላት በቅናሽ ስትገዛ የቸኰለችው ሙሉውን ትከፍላለችና፥ የድሮ ሻጭ የገዢውን ፊት አይቶ ይሠራው የነበረውን ኩፖኑ ይሠራለታል።

በዚያው ዓመት የኵባንያው ሽያጭ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ከ13 ቢሊዮን በታች ወረደ፤ አንድ አራተኛው ጠፋ ማለት ነው። በእርግጥ ጆንሰን የልብሱን ዓይነትና የመደብሮቹን አደረጃጀት ጭምር ስለ ለወጠ፥ ውድቀቱን ሁሉ በኩፖን ማሳበብ አይገባም። ሆኖም በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. እርሱ ከሥራው ሲሰናበት ተተኪዎቹ ፈጥነው የመለሱት ኩፖኑን ነው። ለዚህም ሲሉ በብዙ ዕቃዎች ላይ የተጻፈውን ዋጋ አስቀድመው ከፍ አደረጉት፤ የሚቀነስ ነገር እንዲኖር።