«ፕሬዚዳንት» እና «ርእሰ ብሔር» በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥታት

«ፕሬዚዳንት» የሚለው ቃል በዘውዳዊው ዘመንም ለአማርኛ እንግዳ አልነበረም። ይሁን እንጂ የባዕዳን አገሮችን መሪዎች ትተን በአገር ውስጥ የነበረውን አገልግሎቱን ብንመለከት፣ ይጠራ የነበረው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትን፣ የፍርድ ቤትንና የዩኒቨርሲቲን የበላዮች ነበር፤ የአገሪቱ ራስ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ ለዚያ ሥፍራ ሌላ ስም አላስፈለገም። ቃሉ በላቲን ሥሩ «በፊት የተቀመጠ» ማለት ነውና ይህ አገልግሎቱ ከጥንተ ትርጉሙ ጋር የተስማማ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የገነነው «ሊቀ መንበር»ም በግእዝ አካሉ ይህንኑ ሐሳብ ይዟል።

ቃሉ በሕገ መንግሥት ደረጃ የኢትዮጵያን መሪ መጥራት የጀመረው ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ለሕዝብ ውሳኔ በቀረበው ሰነድ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በብሔራዊ ሸንጎ የሚመረጠው ፕሬዚዳንት የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥና የመንግሥት ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለሸንጎው የሚያቀርበው፣ አስገዳጅ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ በሁለት ጉባኤዎች መካከል ራሱ የሚሾመውና የሚሽረው እርሱ ነበር። ተጠሪነቱ በጽሑፍ ለሸንጎው ነበር። እግረ መንገዳችንን፣ ለምክር ቤቱ «ሸንጎ» የሚለውን የቆየ ቃል ያነሣ ሕግ ለመሪው የውጭ ቃል መምረጡ ዘወትር ያስገርመናል።

ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. በነበረው የሽግግር ጊዜም ስሙ ከሥልጣን ጋር አብሮ ቆየ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ስሙን እንዳለ ወስዶ ሥልጣኑን ለሌላ ሰጠ። አንቀጽ 72 ከፍተኛውን የአስፈጻሚነት ሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ አንቀጽ 74 የጦር ኃይሎችን ጠቅላይ አዛዥነት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሰጣል። ፕሬዚዳንቱን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይመርጡታል፤ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም። እንግዲህ በ1980 ዓ.ም. ሰነድ ያለውን ፕሬዚዳንትና በ1990 ዓ.ም. ሰነድ ያለውን በአንድ ፍች፣ ይኸውም «የአገር መሪ» ብሎ የሚያስቀምጥ መዝገበ ቃላት ሁለት የተለያዩ ሹመቶችን ያዋሕዳል። በበኩላችን ለቃሉ ሁለት ፍችዎች፣ ለእያንዳንዱም ዓመተ ምሕረቱ ሊሰጠው ይገባል እንላለን።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር አንቀጽ 69 ለፕሬዚዳንቱ በሰጠው «ርእሰ ብሔር» በሚለው ስያሜ ላይ ነው። («ርእስ» በአልፋው «እ» መጻፍ ሲገባው በዐይኑ «ዕ» መጻፉ የተለመደ ስሕተት ሆኗል፤ እርሱን ለጊዜው እንለፈው።) በግእዝ «ብሔር» ምድር፣ አገር፣ ዓለም ነው፤ «እግዚአብሔር» እና «ብሔረ ሕያዋን» ይመሰክራሉ። «ርእሰ ብሔር»ም የተናበበው በዚሁ ፍች ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 39 ግን «ብሔር» ከ«ብሔረሰብ» እና ከ«ሕዝብ» ጋር ተሰልፎ፣ የጋራ ባህል፣ ተቀራራቢ ቋንቋና የጋራ ሥነ ልቡና ያለውን ማኅበረሰብ ይጠራል። በዚህ ፍች ብቻ የለመደ አንባቢ ርእሰ ብሔሩን የአንድ ብሔር ራስ አድርጎ ሊረዳው ይችላል፤ ሕጉ ያሰበው ደግሞ የሁሉንም ወካይ ነው። ቃሉ ይለወጥ ማለታችን አይደለም። አንድ ሕግ አንዱን ቃል በሁለት ፍች ሲጠቀም ግን ተርጓሚው ማወቅ አለበት።

«ርእሰ መንግሥት»ም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ጋዜጦች ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይጠሩበታል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 1 እና በአንቀጽ 11 «መንግሥት» ሉዓላዊው አካል እንጂ የሚኒስትሮቹ ጉባኤ አይደለም። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ሁለቱን ሹማምንት ሊያለዋውጥ ይችላል።

የሥልጣኑ ወሰን በይበልጥ የሚታየው ከስሞቹ ይልቅ በአንቀጽ 71 ግሦች ነው። ፕሬዚዳንቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል። ማወጅ በጥንቱ ሥርዓት ነጋሪት አስጎስሞ የራስን ፈቃድ ማሰማት ነበር፤ እዚህ ግን ሌላው የወሰነውን ማሰማት ነው። በአንቀጽ 57 መሠረት ሕጉን በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። አምባሳደሮችን ይሾማል፤ የሚሾመው ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ነው። «በአቅራቢነት» የምትለውን አንዲት ቃል የዘነጋ ትርጉም ሕጉ ያልሰጠውን ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ስለ ደነገገ፣ እንዲህ ያለው ዝንጋኤ በባዕድ ቋንቋ ቅጂ ሊታረም አይችልም።

የሰው ሕይወት የሚያያዝበትም ቃል አለ። ርእሰ ብሔሩ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። አንቀጽ 28 ግን የዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት መፈጸምን፣ ሰውን አስገድዶ መሠወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን የመሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረትም በይቅርታም እንዳይታለፉ ከልክሎ፣ ርእሰ ብሔሩ የሞትን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ብቻ እንዲያሻሽል ፈቅዷል። ምሕረት፣ ይቅርታና ቅጣት ማሻሻል በዕለት ንግግራችን ይቀራረባሉ፤ በሕጉ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በቀድሞ የደርግ ባለ ሥልጣናት ላይ የተወሰነውን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ሲለውጡ ያደረጉት ይቅርታ አልነበረም፤ ማሻሻል ነበር።