የቼክና የስሎቫክ ስደተኞች ትግል፤ ከ1914 እስከ 1918

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራሳቸው መንግሥት ያልነበራቸው የቼክና የስሎቫክ ስደተኞች በአራት ዓመት ውስጥ ከኃያላን መንግሥታት ዕውቅና ለማግኘት በቁ። ለዚህ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው የመሪያቸው የፕሮፌሶር ቶማስ ማሳሪክ ብልህነት ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የማሳሪክ ቃል ሊሰማ የቻለው በስተኋላቸው የታጠቀ ሠራዊት ስለ ነበረ መሆኑን ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጦርነቱ በ1914 ሲነሣ ቼኮች በኦስትሪያ፣ ስሎቫኮች በሁንጋሪያ አገዛዝ ሥር ስለ ነበሩ፣ ወንዶቻቸው ለሃብስቡርግ ንጉሠ ነገሥት እንዲዋጉ ተገደዱ። በፕራግ የፍልስፍና መምህርና የቪየና ፓርላማ አባል የነበሩት ማሳሪክ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወደ ውጭ አገር ወጡ፤ በ1915 ኤድቫርድ ቤኔሽ ተከተሏቸው። ስሎቫካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅና የፈረንሳይ ጦር አይሮፕላን ነጂ ሚላን ሽቴፋኒክ በፓሪስ ብዙ ወዳጆች ስለ ነበሯቸው፣ ማሳሪክን ከጠቅላይ ሚኒስትር ብሪያን ጋር አገናኟቸው። ሦስቱም በ1916 በፓሪስ ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋሙ።

ነገር ግን ወታደር የሌለው ምክር ቤት ከለማኝ አይለይም። ሠራዊቱ በብዛት የተገኘው ከሩስያ ነው። በዚያ የሚኖሩ ቼኮች በ1914 በኪየቭ አንድ ትንሽ ጦር አቁመው ነበር፤ በኋላም ከኦስትሪያ ጦር የተማረኩ ወገኖቻቸው ተጨመሩበት። እነዚህ ምርኮኞች እንደገና በኦስትሪያ እጅ ቢወድቁ እንደ ከሃዲ ተቈጥረው ስቅላት ይጠብቃቸው ነበርና፣ መዝመታቸው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በጁላይ 1917 በዝቦሮቭ 3,500 ያህል ሆነው የኦስትሪያን ምሽግ ከሰበሩ በኋላ፣ የሩስያ ጊዜያዊ መንግሥት ምርኮኞችን በሰፊው እንዲመለምሉ ፈቀደላቸው።

በማርች 1918 የሩስያ አዲስ መንግሥት ከጀርመን ጋር ሲታረቅ፣ ይህ ሠራዊት በሳይቤሪያ በኩል እስከ ቭላዲቮስቶክ ተጕዞ ከዚያ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ እንዲሻገር ታሰበ። በሜይ ከቦልሼቪኮች ጋር ተጋጨና በበጋው ወራት ከቮልጋ እስከ ቭላዲቮስቶክ ያለውን የምድር ባቡር መሥመር ያዘ። በዚያን ጊዜ ማሳሪክ አሜሪካ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ በወረቀት ብቻ ይናገሩለት የነበረው ሕዝብ አሁን የዓለም ጋዜጦች ዜና ሆነ። ፈረንሳይ በጁን፣ እንግሊዝ በኦገስት፣ አሜሪካ በሴፕቴምበር በየተራ ዕውቅና ሰጡ። ኦክቶበር 28 ቀን በፕራግ ነፃነት ታወጀ፤ በኖቬምበርም ማሳሪክ ገና ከስደት ሳይመለሱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

እርግጥ ኦስትሪያ በጦርነቱ ባትደክም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር። ይሁን እንጂ መንግሥቱ ሲፈርስ ተተኪው ተዘጋጅቶ የተገኘው ፖለቲከኛውና ወታደሩ አንዱ ሌላውን ስለ ደገፈ ነው።

ዋጋው ግን እኩል አልተከፈለም። አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ብዙዎቹ ወታደሮች እስከ 1920 በሳይቤሪያ ቀሩ። በሜይ 1918 በፒትስበርግ በተደረገው ስምምነትም ለስሎቫኮች የራሳቸው አስተዳደር፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት እንዲኖራቸው ማሳሪክ ፈርመው ነበር፤ የ1920 ሕገ መንግሥት ግን ይህን አልፈጸመም። ቅሬታው ለብዙ ዓመት ቈየ፤ ሁለቱም ሕዝቦች በ1993 ተለያዩ። ስለዚህ የስደት ትግል የሚመዘነው ባገኘው ዕውቅና ብቻ ሳይሆን፣ በስደት የገባውን ቃል በአገሩ በመጠበቁም ጭምር ነው እንላለን።