ሹሩባ ሲሠራም ሲፈታም ይናገራል

"ሹሩባ ጌጥ ነው" የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ግን የታሪኩን ግማሽ ዘሎታል። በኢትዮጵያ ደጋ ፀጉር ለዘመናት የሰው መታወቂያ ነበር። ዕድሜ፣ ትዳር፣ ጀግንነት፣ ሐዘን፣ ሁሉም ራስ ላይ ይነበብ ነበር። የሚነበበውም በመሠራቱ ብቻ ሳይሆን በመፈታቱና በመላጨቱም ጭምር ነው።

ስሙና አቆራረጡ ከአገር አገር ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ወንድ ልጅ ዙሪያውን ይላጭና አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። የልጃገረዷ ደግሞ አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል፤ ጋሜ ወይም ሳዱላ ትባላለች። ስታገባ ፀጉሯን ሙሉ አሳድጋ ትሠራዋለች። ገበያ ላይ ያያት እንግዳ ማን እንደሆነች ባያውቅም የሰው ሚስት መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ሹሩባ የሴት ብቻም አልነበረም። ጠላት የጣለ ወይም አንበሳ የገደለ ወንድ ፀጉሩን ይሠራ ነበር፤ ሹሩባው የጀግንነት ምስክር ነው። የዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ንጉሠ ነገሥቱን ሹሩባ ተሠርተው ያገኛቸዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም በሹሩባቸው ይታወቃሉ። ዛሬ ወንድ ልጅ ሹሩባ ሲሠራ "ባህላችን አይደለም" ብለው የሚቆጡ ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሥታት ቢያስታውሱ ጥሩ ነው።

ሐዘን ሲመጣ ሁሉም ይገለበጣል። የሞተባት ሴት ሹሩባዋን ትፈታለች፣ ትላጫለች፤ ቅቤው ይቀራል። ሹሩባ የተሠራ ራስ "ደህና ነኝ" ካለ፣ የተፈታው "ቤቴ ፈርሷል" ይላል። ሰው ይህን ቋንቋ ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳው ነበር።

የመቅደላው ነገር በዚህ ዓይን ሲታይ ክብደቱ ይጨምራል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ከጠጡ በኋላ ከራሳቸው ላይ ፀጉር ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ለወሳጁ ማስታወሻ ነው። ለአገሬው ግን የጀግና ፀጉር በጠላት እጅ መቆረጡ ከሞቱ የማይተናነስ ውርደት ነው። ሁለት ዘለላ ፀጉር እ.ኤ.አ. በ1959 ለንደን ለሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ተሰጠ። ሙዚየሙ ለ60 ዓመት ካቆየው በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለያኔዋ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ለዶ/ር ሂሩት ካሳው አስረከበ። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ አፅም ግን ዛሬም ዊንድሰር ነው፤ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 በድጋሚ ውድቅ ሆኗል።

በዚያው በ2011 ዓ.ም.፣ ሰኔ ወር ላይ፣ ካሊፎርኒያ ሌላ ውሳኔ አሳለፈች። "ክራውን አክት" የተባለው ሕግ ሠራተኛንም ተማሪንም በሹሩባው ወይም በተፈጥሮ ፀጉሩ ምክንያት ማግለልን ከለከለ። ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ሎስ አንጀለስ "ትንሿ ኢትዮጵያ" የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ናትና ሕጉ የኛዎቹንም ልጆች ይመለከታል። እናት ለልጇ የምትሠራው ሹሩባ በሕግ ጥበቃ የሚያስፈልገው ነገር ሆኖ መገኘቱ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

አገር ቤት ሕግ የከለከለው የለም። ይሉኝታ ግን ሠርቷል። ከተማው ሲሰፋ ሹሩባ "የገጠር" ተባለ፣ ካውያና ፐርም የሥልጣኔ ምልክት ሆኑ። ሹሩባ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለሚከበሩት ለአሸንዳ፣ ለሻደይና ለሶለል የሚወጣ የበዓል ልብስ ሆኖ ቀረ። አሁን በውበት ሳሎኑ "ራስታ" በሚል ስም ተመልሶ ገብቷል፤ ከሰው ሠራሽ ፀጉር ጋር።

ቅርጹ ሲመለስ ግን ዕውቀቱ አብሮ አልተመለሰም። ሹሩባ ከጥንትም ፀጉር መጠበቂያ ነው። ፀጉሩ ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ በየቀኑ አይጎተትም፣ አይበጠርም፣ አይሰበርም። ለጋ ቅቤ ድርቀቱን ያስታግሳል፤ ሌሊት አንገት የሚያርፍበት የእንጨት ብርኩማ ደግሞ ሹሩባው እንዳይበላሽ ያደርጋል። ይህ ሁሉ የታሰበበት አሠራር ነው።

መፍታቱም ሥርዓት አለው። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሹሩባ ውስጥ የረገፈው ተይዞ ስለሚቆይ በወሩ ሲፈታ እስከ ሦስት ሺህ ሊጠጋ ይችላል። በእጅ የሚወጣው እፍኝ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚጎዳው ችኮላው ነው። ከጫፍ ጀምሮ በጣት ሳይፈቱ፣ ቅባት ሳያስነኩ፣ የታሰረውን ሳያላሉ ሚዶ መስደድ ጤነኛውን ፀጉር አብሮ ይበጥሳል። አጥብቆ መሥራት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሐኪሞች "ትራክሽን አሎፔሺያ" የሚሉት የግንባርና የጆሮ ግንድ መመለጥ የሚመጣው ፀጉሩ ለረጅም ጊዜ ከሥሩ ሲጎተት ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል፤ ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል።

ስለዚህ "ሲያም ያምራል" የሚለው የሳሎን ብሂል መቅረት አለበት። የሚያም ሹሩባ ፀጉር ሊጠብቅ አይችልም። እናት ልጇን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ቀስ ብላ ስትፈታላት የምታስተላልፈው ዕውቀት የአልባሶንና የግልብጭን አሠራር ያህል ቅርስ ነው። ከለንደን ፀጉር ማስመለስ የቻለ አገር ይህን ከገዛ ቤቱ ማጣት የለበትም።