ጊኒ ፒግ፦ ከማምከን ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ

ሴት ጊኒ ፒግን ማምከን ማለት የእንቁላል እጢዎቿን፣ አንዳንዴም ማህፀኗን ጭምር በቀዶ ሕክምና አውጥቶ እንዳትወልድ ማድረግ ነው። ጊኒ ፒግ መነሻዋ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሆነች፣ ስታድግ በአብዛኛው ከ700 እስከ 1200 ግራም የምትመዝን ሣር በል እንስሳ ስትሆን፣ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ተወዳጅ ናት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለቤቶች ዓይናቸውን የሚጥሉት ስፌቱ ላይ ነው። ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም ግን ስልክ ሲደወልለት አስቀድሞ የሚጠይቀው በልታ እንደሆነና በጠጥ ጥላ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ በአብዛኛውም በደህና ይድናል። ሥራ ያቆመ አንጀት ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

ለምን ይደረጋል

ድመትና ውሻ የሚመክኑት በአብዛኛው እንዳይራቡ ነው። በጊኒ ፒግ ዘንድ ይህ ዓላማ ሁለተኛ ነው፤ ወንዱን መለየት ወይም ማኮላሸት ይቀላልና። ዋናው ምክንያት የእንቁላል እጢ ሲስት ነው። ሲስት ከአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ ባለፉ ሴቶች ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ውሃ የቋጠረው ከረጢት እያደገ ሆዷን ይወጥረዋል። ሆርሞን የሚያመነጭ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ጎኖቿ ጠጉሯ እኩል ይረግፋል፣ የጡቶቿ ጫፍ ደርቆ ቅርፊት ያወጣል። የማህፀን ዕጢም ያጋጥማል። እርግዝናም ቢሆን ለዚህች እንስሳ ቀላል አይደለም። ከ59 እስከ 72 ቀን ተሸክማ የምትወልዳቸው ግልገሎች ጠጉር ያበቀሉ፣ ዓይናቸው የተገለጠ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 100 ግራም የሚመዝኑ ናቸው። ከሰባት ወር ዕድሜዋ በፊት ወልዳ የማታውቅ ከሆነች የዳሌዋ አጥንት መጋጠሚያ በሚገባ ላይከፈት ይችላል፤ ያኔ ምጡ በቀዶ ሕክምና ያልቃል።

ምክንያቱ ምን እንደነበረ ማወቅ ለእንክብካቤውም ይረዳል። ጤነኛ ሆና ለጥንቃቄ የመከነች የስምንት ወር ጊኒ ፒግና ሲስቱ አድጎ መብላት ከቀነሰች በኋላ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የአራት ዓመት ጊኒ ፒግ በአንድ ፍጥነት አያገግሙም።

ቀዶ ሕክምናውና ማደንዘዣው

ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው ሆዷ መሃል ለመሃል ተከፍቶ እጢዎቹም ማህፀኑም ይወጣሉ። በሁለተኛው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ በግራና በቀኝ ጠባብ ቀዳዳ ይበጅና እጢዎቹ ብቻ ይወጣሉ። የእንቁላል እጢዎቹ ከኩላሊቶቹ አጠገብ ስለሆኑ ከጎን በቅርብ ይገኛሉ፤ አንጀቱም ብዙ አይነካካም። የጎን ስፌት ሌላም ጥቅም አለው። የጊኒ ፒግ እግር አጭር ስለሆነ የሆድ ስፌት ከምንጣፏ ጋር ሲተሻሽ ይውላል፣ የጎኑ ግን ከዚህ ይተርፋል። ማህፀኑ ራሱ ከታመመ ግን ሆዷን መክፈት የግድ ነው። ባለቤቱ እንስሳዋን ሲረከብ የትኛው እንደተሠራ ጠይቆ መሄድ አለበት።

ማደንዘዣው ከድመትና ከውሻ ይልቅ ለጊኒ ፒግ ያሰጋል። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሰፊ ጥናት ከማደንዘዣ ጋር የተያያዘ ሞት በውሻ 0.17፣ በድመት 0.24፣ በጥንቸል 1.39፣ በጊኒ ፒግ ደግሞ 3.8 በመቶ መሆኑን መዝግቧል። የአፏ አሠራር ሥራውን ያከብደዋል፤ ለስላሳው ላንቃ ከምላሷ ሥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደ ጉሮሮ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትም ያስቸግራል። እንደ ሰው አስቀድሞ ማስጾምም አያስፈልጋትም። ጊኒ ፒግ ማስታወክ ስለማትችል ለረጅም ሰዓት መራቧ የሚያመጣው ጉዳት ብቻ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ሳትበላ ትደር» የሚል ክሊኒክ ከእንዲህ ዓይነት እንስሳት ጋር ብዙም እንዳልሠራ መጠርጠር ይገባል።

ወደ ቤት ስትመለስ

ትንሽ እንስሳ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፤ የተላጨው ቆዳዋ ደግሞ ይብሱን ያቀዘቅዛታል። የጤነኛ ጊኒ ፒግ ሙቀት ከ37.2 እስከ 39.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በኬጇ አንድ ጥግ ሞቅ ያለ ውሃ የተሞላና በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይቀመጥላታል፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቀዝቀዝ ያለ ጥግም መኖር አለበት። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ካለፈ ክፍል ውስጥ ማቆየት በራሱ ይጎዳታል።

ሰጋቱራና ገለባ ለሁለት ሳምንት ያህል ከኬጁ ይወጣሉ፤ ብናኙ ስፌቱ ላይ ይጣበቃል፣ ገለባውም ይወጋል። በምትካቸው ፎጣ ወይም ፍሊስ የተባለው ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፍና በየቀኑ ይቀየራል። ነጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ደምም ሆነ ፈሳሽ ጠብ ካለ ወዲያው ይታያል። መወጣጫና ፎቅ ያለው ኬጅ በዚህ ወቅት አይሆንም። መደበቂያ ግን አይከልከል፤ በአውሬ ስትታደን የኖረች ዘር ስለሆነች ካልተሸሸገች አትረጋጋም። ድርቆሹና ውሃው ከመደበቂያው ደጃፍ ይቅረቡላት።

መብላትና በጠጥ

ጊኒ ፒግ ቀንም ሌሊትም በየጥቂቱ ስትቆረጥም የምትውል እንስሳ ናት። የበላችው የሣር ቃጫ ሲከም በተባለው ሰፊ የአንጀት ክፍል ውስጥ በባክቴሪያዎች ይብላላል። አዲስ ቃጫ ሲቋረጥ የአንጀቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ጋዝ ይጠራቀማል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ያማታል፤ ስላመማትም ይብሱን አትበላም። የወፈረች ከሆነች ሌላ አደጋ ይጨመራል፦ ምግብ ሲቋረጥ ሰውነቷ ስቡን ማቃጠል ይጀምርና ጉበቷ በስብ ይጎዳል። ቀጭኗን እያዩ መሳቀቅና ወፍራሟን «ስንቅ አላት» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ከነቃች በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድርቆሽ ማኘክ ይጠበቅባታል። 12 ሰዓት አልፎ ምንም ካልቀመሰች በእጅ መመገብ ግድ ይሆናል፤ ብዙ ሐኪሞች ያን ያህል እንኳ አይጠብቁም፣ ከመጀመሪያው ማታ ያስጀምራሉ። ለዚህ የሚሆነው በውሃ የሚበጠበጥ የሣር ዱቄት ነው፤ በብዙ አገር ክሪቲካል ኬር በሚል ስም ይሸጣል። ካልተገኘ የራሷ እንክብል መኖ በለብ ያለ ውሃ ርሶ እስኪላም ይደቆሳል። ምንም የማትበላ ከሆነች በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይሰላል። 900 ግራም የምትመዝን ጊኒ ፒግ ከ45 እስከ 72 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋታል ማለት ነው፤ ይህም ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል።

አመጋገቡ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአንገቷ በታች እንደ ሕፃን በፎጣ ትጠቀለልና ጭን ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ በጀርባዋ አትንጋለልም። ከፊት ጥርሶቿና ከመንጋጋዋ መካከል ጥርስ የሌለበት ክፍተት አለ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ በዚያ በኩል ከጎን ይገባል። ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ይጨመቅላትና ይጠበቃል። አፏ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያም ስትውጥ ይታያል፤ ቀጣዩ ያኔ ይሰጣታል። ከፊት ለፊት ወደ ጉሮሮዋ መጨመቅ ወይም ራሷን ቀና ማድረግ ምግቡን ወደ ሳንባዋ ሊሰድደው ይችላል። አንዳንዷ አንገቷን ታዞራለች፣ ትተፋዋለች፣ የመጋቢውንም ልብስ ታቆሽሻለች፤ እልህ ገብቶ ማጣደፍ ግን አይጠቅምም።

መብላቷ የሚረጋገጠው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የወጥ ቤት ሚዛን ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ትመዘንና ይጻፋል። 900 ግራም የነበረች 45 ግራም ያህል ብትቀንስ የእጅ ምግቡ ይጨመርላታል፤ 90 ግራም ከደረሰ ለሐኪም ሳይነገር ማደር የለበትም። ሁለተኛው በጠጧ ነው። የጤነኛዋ በጠጥ ሞላላ፣ ልስልስ ያለና እኩል መጠን ያለው ነው። ትንንሽ፣ ደረቅና ጫፉ የሾለ ከሆነ የምትበላው አነስተኛ ነው። ጨርሶ ከጠፋ፣ በተለይም ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ከጠጠረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ሕመምና መድኃኒት

ጊኒ ፒግ ሕመሟን ትደብቃለች። ስትታቀፍ የምትጮኸው ብዙ ጊዜ ፈርታ ነው፤ ያመማት ጊኒ ፒግ ዝም ትላለች። ተኮራምታ ትቀመጣለች፣ ጠጉሯ ይቆማል፣ ዓይኗ በግማሽ ይከደናል፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ሐኪሞች በብዛት የሚያዙላት ሜሎክሲካም የተባለውን ፈሳሽ መድኃኒት ነው፤ በክሊኒክ ሳለች ቡፕረኖርፊንም ሊሰጣት ይችላል። መድኃኒቱ የታዘዘለትን ቀን ያህል ይሰጣል፤ ተሻላት ተብሎ በሁለተኛው ቀን ማቋረጥ አንጀቱን መልሶ ሊያቆመው ይችላል። ለሰው የተገዛ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በግምት ተሰብሮ አይሰጥም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን አንቲባዮቲክ ነው። ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን በአፍ ሲሰጧት በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላሉ፤ ክሎስትሪዲየም የተባለው ባክቴሪያ ሜዳውን ብቻውን ይይዝና መርዙ እንስሳዋን በጥቂት ቀናት ይገድላታል። ሊንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲንም እንዲሁ ናቸው። የኦክስፎርዱ ሃዋርድ ፍሎሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በሜይ 1940 ፔኒሲሊንን የሞከሩት በስምንት የላቦራቶሪ አይጦች ላይ ነበር። መድኃኒቱ ጊኒ ፒግን እንደሚገድል የታወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1943 ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በጊኒ ፒግ ላይ ቢሆን ኖሮ ፔኒሲሊን መርዝ ነው ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር። አንቲባዮቲክ ማስፈለጉ ከታመነበት ሐኪሞች የሚመርጡት ትራይሜቶፕሪም ሰልፋን ወይም ኤንሮፍሎክሳሲንን ነው። በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የማይጠፋው የተረፈ አሞክሲሲሊን ለዚህች እንስሳ ፈጽሞ አይነካም።

ቫይታሚን ሲ

ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነቷ መሥራት አትችልም። ይህን ባሕርይዋን ያጋለጡት ኖርዌጂያኖቹ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 እህል ብቻ የበሉ ጊኒ ፒጎች ስከርቪ የተባለው የእጥረት በሽታ እንደሚይዛቸው አሳዩ። ቁስልን የሚያጋጥመው ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ ስለማይሠራ፣ እጥረት ያለባት እንስሳ ስፌቷ ዘግይቶ ይድናል። ጤነኛዋ በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይበቃታል፤ ለምታገግመው ከ30 እስከ 50 ይሰጣል። በመጠጥ ውሃዋ ውስጥ መበጥበጥ አይመከርም፤ ቫይታሚኑ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙን ካልወደደችው ውሃውንም ትተዋለች። የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ጥሩ ምንጮች ናቸው።

ስፌቱ

ጠዋትና ማታ በጥሩ ብርሃን ማየት ይበቃል። ጥቂት መቅላትና ጠጠር ያለ ጠርዝ የሚጠበቅ ነው። እብጠቱ እያደር ከጨመረ፣ ከሞቀ፣ ከፈሰሰ ወይም ከተከፈተ ሐኪም ይየው። ያልታዘዘ ቅባት፣ አልኮልም ሆነ ማር አይደረግበትም፤ የተቀባውን ሁሉ ትልሰዋለች። ዝንብ በሚበዛበት ወቅት ኬጇ በመረብ ይከለል፤ እርጥብ ቁስል ላይ ዝንብ እንቁላል ይጥላል፣ ትሎቹም በአንድ ቀን ይፈለፈላሉ።

ለውሻ የሚደረገው የፕላስቲክ አንገትጌ ለጊኒ ፒግ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ጊኒ ፒግ ለስላሳውን በጠጧን ከሥሯ እየወሰደች መልሳ ትበላለች፤ ከዚያ የምታገኘው ምግብና ባክቴሪያ ያስፈልጋታል፣ አንገትጌው ግን ይከለክላታል። ስፌቷን የምትነክስ ከሆነ ጫፉ ተቆርጦ ለእግሮቿ ቀዳዳ የተበጀለት ካልሲ እንደ ሸሚዝ ይለበስላታል። ከቆዳ ሥር የተሰፋ ክር በራሱ ይሟሟል፤ ከውጭ ያለው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ አትታጠብም። ስትነሣም አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር ሆኖ ሆዷ ሳይጨመቅ ነው።

ጓደኞቿ

ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማኖርን ከልክላለች፤ ብቸኝነት ይህችን እንስሳ ይጎዳታልና። ስለዚህ ስታገግምም ረጋ ያለች ሴት ጓደኛዋ አብራት ብትሆን ይሻላል፤ ጓደኛዋ ስትበላ ማየቷ እሷንም ያስበላታል። ይሁን እንጂ ሁለቱ አብረው ከሆኑ የማን በጠጥ እንደሆነ አይለይም፤ የሚታመነው ሚዛኑ ብቻ ነው። ጓደኛዋ የምትረብሽ ከሆነች በሽቦ መረብ ተለያይተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያልተኮላሸ ወንድ ስፌቱ እስኪድን ድረስ ይለያል፤ ማርገዝ ባትችልም ሲወጣባት ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል።

የተላጨው ጠጉር በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። በሲስት ሆርሞን የረገፈው ግን እስኪበቅል ወራት ሊወስድ ይችላል። እጢዎቹ ወጥተው ሳለ መርገፉ ከቀጠለና የምታክክ ከሆነች የእከክ ተባይ መኖሩ፣ ሳታክክ የሚረግፍ ከሆነም ከእጢው የቀረ ቁራጭ መኖሩ ይመረመራል።