ጥማድ በሬ ያነሣው ጉልላት

በፍሎረንስ ከተማ የሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ ካቴድራል መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1296 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ግድግዳው ቆሞ አናቱ ክፍት ነበር። በ1367 የጸደቀው ንድፍ ወደ 45 ሜትር የሚሰፋውን ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍተት በጉልላት መክደን ይጠይቃል፤ ከውጭ የሚደግፍ ግንብ ግን አይፈቅድም። ንድፉን ያጸደቁት ሰዎች ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። ጣጣውን ለልጅ ልጆቻቸው አወረሱ ማለት ነው።

ጣጣውን የተረከበው ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ በ1377 እዚያው ፍሎረንስ ተወለደ። አባቱ ውል አዋዋይ ነበር፤ ልጁ ግን ወርቅ አንጥረኛ ሆነ። ሰዓትም ይሠራ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አንቶኒዮ ማኔቲ ይናገራል። የጥርስና የሽክርክሪት ነገር በደንብ የገባው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። በ1401 ለከተማዋ መጠመቂያ ቤት የነሐስ በር ለመሥራት በወጣው ውድድር ገብቶ በሎሬንዞ ጊቤርቲ ተበለጠ። ሁለቱም አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል የሚያሳይ ቅርጽ ነበር ያቀረቡት። ሥራዎቻቸው ዛሬም በባርጄሎ ሙዚየም ስለሚታዩ፣ ማን ይሻል እንደነበር ተመልካቹ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። ብሩኔሌስኪ ከዚያ በኋላ ከቀራጺው ዶናቴሎ ጋር ሮም ወርዶ ፍርስራሽ ይለካ ጀመር። የሮም ሰዎች ሁለቱ የተቀበረ ወርቅ የሚፈልጉ መስሏቸው ነበር ይባላል።

በ1418 የካቴድራሉ ሹማምንት ለጉልላቱ ውድድር አወጁ፤ ሽልማቱ 200 የወርቅ ፍሎሪን ነው። በተለመደው አሠራር ጉልላት የሚገነባው ከሥሩ የእንጨት ካሳፎርማ ቆሞለት፣ ግንቡ ሲደርቅ ካሳፎርማው እየተነሣ ነው። ከመሬት ከ50 ሜትር በላይ ለሚጀምር ለዚህን ያህል ክፍተት ግን የሚበቃ እንጨት ከየት ይመጣል? ብሩኔሌስኪ ያለ ካሳፎርማ እሠራዋለሁ አለ። እንዴት አድርገህ ሲባል አልናገርም አለ! የሠዓሊዎችን ሕይወት የጻፈው ቫሳሪ የሚተርከው የእንቁላል ጨዋታ እዚህ ላይ ይመጣል፦ እንቁላል በጠፍጣፋ እብነ በረድ ላይ ማቆም የቻለ ሥራውን ይውሰድ ብሎ፣ ሁሉም ሲያቅታቸው የእንቁላሉን ታች ሰበር አድርጎ አቆመው። ይህማ እኛስ መቼ ጠፋን ሲሉት፣ ንድፌን ባሳያችሁም እንደዚሁ ትሉ ነበር ብሎ መለሰ። እውነት ይሁን ተረት፣ የሰውየውን ጠባይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሥራው በነሐሴ 1420 ተጀመረ። ጉልላቱ ከውስጥና ከውጭ ሁለት ልባስ ያለው ሲሆን፣ በመካከላቸው ዛሬ ጎብኚ የሚወጣበት ደረጃ አለ። የድንጋይ፣ የብረትና የእንጨት ማሰሪያ እንደ በርሜል ቀለበት ዙሪያውን ጠፍሮ ይይዘዋል። ጡቡ ተኝቶ በሚደረደረው መሐል በየርቀቱ የቆመ ጡብ እየገባ በዓሣ አጥንት መልክ ስለሚያያዝ፣ ኖራው ሳይደርቅ እንኳ ወደ ውስጥ አይንሸራተትም። ከአራት ሚሊዮን በላይ ጡብ ገብቶበታል።

ያን ሁሉ ጡብና ድንጋይ ማን ያወጣዋል? ብሩኔሌስኪ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ የተከለው ማንሻ፣ በእኔ ግምት፣ ከጉልላቱ የማይተናነስ ሥራ ነው። ጥማድ በሬ እየዞረ አንድ የቆመ ምሰሶ ያዞራል። በምሰሶው ላይ ከላይና ከታች ሁለት ጥርስ ያላቸው መንኮራኩሮች አሉ። የላይኛው ገመዱ ከሚጠመጠምበት ግንድ ጋር ሲገጥም ሸክሙ ወደ ላይ ይወጣል። ምሰሶው በትልቅ ብሎን ከፍ ወይም ዝቅ ሲደረግ የላይኛው ይላቀቅና የታችኛው ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ግንዱ ወደ ኋላ ይሽከረከርና ገመዱ ይወርዳል። በሬዎቹ ይህን ሁሉ አያውቁም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራሉ። ቀንበር መፍታት፣ በሬ ማዞር፣ መልሶ መጥመድ ቀረ ማለት ነው። መኪና ከመፈጠሩ ከ400 ዓመት በላይ ቀድሞ የኋላ ማርሽ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገመዱ ብቻውን ወደ 180 ሜትር የሚረዝም ሲሆን ከፒሳ ተገምዶ መጣ።

ሁሉም ግን አልሰመረለትም። በ1421 ፍሎረንስ እብነ በረድ በአርኖ ወንዝ ለሚያመላልስ አዲስ ጀልባው የሦስት ዓመት ብቸኛ መብት ሰጠችው፤ በዓለም ከታወቁት የመጀመሪያ ፓተንቶች አንዱ ነው። ፈጠራውን አስመስሎ የሠራ ሰው ጀልባው እንዲቃጠልበት ተደነገገ። ሊሰርቀው የቸኮለ ግን አልነበረም፤ ጀልባው 100 ቶን ያህል እብነ በረድ እንደጫነ ከፍሎረንስ ሳይደርስ ቀረ። በ1430 ደግሞ ፍሎረንስ የምትዋጋትን የሉካን ከተማ በጎርፍ ለማስጨነቅ የሰርኪዮን ወንዝ ሊያስቀይስ ግድብ ሠራ። የሉካ ሰዎች ግድቡን ሰበሩትና ውኃው የፍሎረንስን ጦር ሰፈር አጥለቀለቀ።

ጉልላቱ በ1436 ተጠናቀቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም የተላኩ መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ገቡ። ያን ጊዜ ብሩኔሌስኪ በሕይወት ነበር፤ ጉልላቱም ገና አዲስ ነው።

ብሩኔሌስኪ በሚያዝያ 1446 አረፈ። ስለ ማሽኖቹ የጻፈው ነገር አልተገኘም። የሲየናውን መሐንዲስ ማሪያኖ ታኮላን፣ ፈጠራህን ለብዙ ሰው አትንገር ብሎ መክሮታል፤ ይህንም የምናውቀው ታኮላ ራሱ ስለጻፈው ነው። ማሽኖቹን ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ሌሎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ በ1471 በጉልላቱ ጫፍ ላይ የመዳብ ኳስ ሲሰቀል፣ ኳሱን በሠራው በቬሮኪዮ የሥራ ቤት የነበረው ወጣቱ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። በሊዮናርዶ ማስታወሻ ውስጥ የተገኙት የብሩኔሌስኪ ማንሻዎች ለረጅም ጊዜ የራሱ የሊዮናርዶ ፈጠራ እየተባሉ ሲጠቀሱ ኖሩ።