ያልተጠረበ ጭልፋ

ተረት ተረት! «የመሠረት» ያላችሁ ቅረቡ፤ ያላላችሁም ቅረቡ። ዛሬ የማወራው ስለ ጦጣና ስለ አያ ጅቦ አይደለም፤ ስለ ማማሰያ ነው። አዎ፣ ማማሰያ። ወጥ ሲጣፍጥ በርበሬውን ያዘጋጀችው ትመሰገናለች፤ ቅቤውን ከገጠር የላከው ዘመድ ይመረቃል፤ ከጠዋት ጀምሮ ቁሌቱን ሲያገላብጥ የዋለውን እንጨት ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ባሕር ዳር ውስጥ ነው አሉ፣ አንድ አናጢ ነበሩ። ሰፈርተኛው ጋሼ ይላቸዋል፤ እኛም ጋሼ እያልን እንቀጥል። ሙያውን የቀሰሙት ፖሊቴክኒክ ከተማረ አናጢ ነው። ፖሊቴክኒኩን ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው፣ በ2000 ደግሞ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ከጨርቃ ጨርቁና ከብረታ ብረቱ ጎን የእንጨት ሥራም ያስተምር ነበር። ጋሼም በዚያ ሰው እጅ ሥር ሆነው በሩን፣ መስኮቱን፣ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን ከዋንዛ ሲሠሩ ኖሩ። ዋንዛ የአናጢ ወዳጅ ነው፤ መጋዝ አያስቸግርም፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ሲወለወል ያበራል።

ታዲያ ዋንዛው እየራቀ ሄደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ስማቸውን ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ደግ አደረገ። ገበያ ላይ ግን ጣውላው ተወደደ፤ ቁም ሣጥኑ ቺፑድ፣ በሩም ብረት ሆነ። የጋሼ ወገብም አልረዳቸው አለ። የተከራዩትን የሥራ ቤት ለቀው ዕቃቸውን ወደ ግቢያቸው አመጡ፦ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳ፣ ምሳር፣ መጋዝ፣ ሁለት ሦስት መሮ፣ ሞረድ። ባለቤታቸው እትዬ ይህን አይተው፣

«እንግዲህ ሥራ ከፈቱ የእኔን ማማሰያ ይሥሩልኝ። የሰው ቁም ሣጥን ሲያሳምሩ እኔ አንገቱ በተሰበረ እንጨት ነው ገንፎ የማገነፋው» አሏቸው።

አሁን የጣናን ሐይቅ ይዘን ወደ ዘጌ እንሂድ። ዘጌ በነኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በገዳማቱና በሥዕሎቻቸው ይታወቃል፤ ጫካው ግን ከሥዕሉ አያንስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ ኖረ፤ ሰው በቡናውና በጌሾው አደረ። ዙሪያው ሲመነጠር ዘጌ ዛፍ እንደለበሰ የቀረው በዚህ ነው። ሆኖም ኑሮ ሲከብድ ቡናው ብቻውን አያደርስም። ማገዶ ይለቀማል፣ ይፈለጣል፣ አንዳንዴም ሊቆረጥ የማይገባው ይቆረጣል፤ ከዚያ በደንገል ታንኳ ተከምሮ ባሕር ዳር ይሻገራል። ታንኳዋ ከጭነቱ ሥር ትጠፋና የእንጨት ክምር በራሱ እግር ውሃ ላይ የሚራመድ ይመስላል።

ጋሼ ታንኳዎቹ የሚያራግፉበት ዳርቻ ማገዶ ሊገዙ ወርደው ነው ዓይናቸው የተከፈተው። ሌላው ሰው ክምሩን እንዳለ ይገዛል፤ እሳቸው ቁጢጥ ብለው አንድ በአንድ ማገላበጥ ያዙ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የወጣ ጉማጅ አገኙ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለትንሽ ማንኪያ የሚሆን። ለዘነዘና የሚበቃ የወይራ ግንድ አገኙ። ቆልማማ የዋንዛ ቅርንጫፍም አገኙ። ማገዶ ሻጭ ቆልማማ አይወድም፤ አልደረደርም ይለዋል፣ ታንኳ ላይ ቦታ ይበላበታል። ለጭልፋ ግን ከዚህ የተሻለ እንጨት የለም።

ለምን በሉኝ። ጭልፋን ከቀጥ ያለ ጣውላ ብትቆርጡት፣ አንገቱ በሚታጠፍበት ቦታ የእንጨቱ ጅማት ይቋረጣል፤ ወፈር ያለ ገንፎ የነካ ቀን ከዚያው ላይ ቀንጠስ ይላል። የእትዬ ማማሰያ የተሰበረውም እንደዚያው ነው። ቆልማማውን ግን ያጠፈው ዛፉ ራሱ ነው፤ ጅማቱ ከእጀታው ተነስቶ፣ አንገቱ ላይ ዞሮ፣ ሳይበጠስ እስከ ከንፈሩ ይደርሳል።

አሠራሩንም ልንገራችሁ፤ የቸኮለ ካለ ይሂድ። ጋሼ ቅርንጫፉን እርጥብ ሳለ ነው የሚይዙት። በመጋዝ አይሰነጥቁትም፤ ምሳሩን ጫፉ ላይ አሳርፈው በእንጨት መዶሻ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል፤ እንጨቱ በፈቀደው መስመር ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ እምብርቱን ጠርበው ይጥላሉ፤ እምብርቱ የቀረበት ጭልፋ ሲደርቅ ከመሃሉ ይተረተራል። ቅርጹን በከሰል ያሰምራሉ። አሁን ጀማሪ ቢሆን ውጭውን ለማሳመር ይቸኩላል፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ሆዱን ነው የሚቦረቡሩት፤ ጀርባው ገና ወፍራም ሳለ ሞርሳው ጨክኖ ይይዘዋላ! መሮው ከጠርዝ ወደ መሃል ይወርዳል፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ ከወጣ ጅማቱን ይገነጥለዋል። ሆዱ ሲያልቅ ጀርባውን ያሳሳሉ፤ መለኪያቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው። አንዱን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርገው ጭልፋውን ዙሪያውን ይዳብሱታል።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ነው። የእንጨት ውሃ ቶሎ የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ስለሆነ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። ጫፉን ሰም ይቀቡታል፤ ጭልፋውንም ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ጆንያ ውስጥ ይቀብሩታል። በጋ ላይ የጣና ነፋስ ያገኘው እርጥብ እንጨት አንድ ቀን አይበረክትም። ሲደርቅ በቢላ ያርሙታል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። ቀጥሎ ውሃ ያስነኩትና ጸጉሩ ሲነሳ እንደገና ያለሰልሱታል፤ ይህ ያልተደረገለት ማማሰያ ገና በመጀመሪያው ሽሮ ይሻክራል። በመጨረሻ የኑግ ዘይት ይጠጣል። ቅቤ ከተቀባ ይከረፋል፤ ቫርኒሽ ደግሞ የፈላ ወጥ ውስጥ እየተላጠ ይገባል። ኑግ ግን አየር እያገኘ ቀስ ብሎ እንጨቱ ውስጥ ይረጋል። ተልባም እንዲሁ ነው፤ ኑጉ ግን በጎጃም ከደጅ አይጠፋም።

የእትዬን ማማሰያ ጎረቤት አየችው፤ የጎረቤቷን እህቷ አየችው፤ ጋሼም ማማሰያና መክተፊያ ይዘው ቅዳሜ ገበያ መውጣት ጀመሩ። አንዲት ወጣት መጥታ ዋጋው ከበዳት መሰለኝ፣

«ጋሼ፣ ባሕር ዛፉ ርካሽ ነው፤ ለምን በእሱ አይሠሩልንም?» አለቻቸው።

«ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል ልጄ፤ ይሰነጠቃልም።»

«ጽድስ?»

«ወጥሽ ጽድ ጽድ እንዲል ከፈለግሽ።»

«ብርብራስ? ዘጌ ሞልቶ የለም እንዴ!»

«ፍሬውን ወቅጠው ዓሣ የሚያደነዝዙበትን ዛፍ ነው ድስት ውስጥ የምትነክሪው?»

ልጅቱ ሳቀችና ዋንዛውን ገዛች። መክተፊያውን ግን ተወችው፤ ፕላስቲክ ለጤና ይሻላል ብለዋታል። ይህን ወሬ ብዙ ሰው ያምነዋል። ዲን ክሊቨር የሚባሉ አሜሪካዊ የምግብ ደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለቱንም መክተፊያ ባክቴሪያ አስነክተው ፈትነዋል። እንጨቱ ላይ ያረፈው ወደ ውስጥ እየተመጠጠ ከገጹ ላይ ተመልሶ ሊገኝ አልቻለም፤ በቢላ የተቧጨረው ፕላስቲክ ግን በእጅ ታጥቦ እንኳ ለማጽዳት አስቸጋሪ ሆነ። ይህ ማለት ጥሬ ሥጋ የነካ እንጨት አይታጠብ ማለት አይደለም። ታጥቦ፣ ቆሞ፣ ነፋስ ይንካው፤ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንዳያድር ብቻ። ፕላስቲኩ መክተፊያውን ቢቀማቸውም ማማሰያውን ያተረፈላቸው ሌላው የፋብሪካ ዕቃ ነው፦ ምግብ የማይጣበቅበት ድስት፣ ቴፋል። ቴፋል የገዛች ሴት ብረት ጭልፋ ልታስነካው አትችልም፤ ይቧጨርባታል። እንደ ሸክላ ድስቱ ሁሉ እሱም እንጨት ይፈልጋል።

ጋሼ በዚህ ሥራ ጫካ አዳኑ አልላችሁም። አንድ ክምር ማገዶ ውስጥ ለእሳቸው የሚሆነው ጥቂት ነው፤ የቀረው ምድጃ ይገባል። ሆኖም አንድ ጭልፋ ለመሥራት ዛፍ መጣል እንደማያስፈልግ ያየሁት በእሳቸው ነው። በር የሚሠራ ግንድ ይፈልጋል፤ ጭልፋ የሚሠራ ከእሳት ቀድሞ መድረስ ይበቃዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ከማገዶ ሻጮቹ አንዱ ባለታንኳ ማገዶ ሊያደርስ ጋሼ ግቢ ገባ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጭልፋዎች አየ፤ አንዱን አውርዶ አገላበጠ፤ እትዬን ዋጋውን ጠየቃቸው። ነገሩት። ምንም ሳይል ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ቆልማማው ሁሉ ከክምሩ ተለይቶ፣ ለብቻው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኙት።

«ይኸ ማገዶ ስንት ነው?»

«እሱ ማገዶ አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጭልፋ ነው፤ ያልተጠረበ።»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። ተከራከሩ፣ ጥለው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተከራከሩ። በመጨረሻ ከማገዶው ዋጋ ላይ ጨምረው ከፈሉና፣

«ለከርሞው ጫፍ ጫፉን ሰም ቀብተህ ካመጣህልኝ ከዚህም በላይ እጨምርልሃለሁ» አሉት።

«የሰሙንስ ማን ይችላል?» አለ ባለታንኳው።