ከዳሞት ጦር ሜዳ እስከ ሴኔት፦ የቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ዘመን

በምዕራብ ጎጃም ታሪክ የጦር አዛዥነትና ፖለቲካ ለብዙ ዘመን ሳይለያዩ ኖረዋል። ጦር የሚያዝዘው መኳንንት ግብር ይሰበስባል፣ ችሎት ይቀመጣል፣ ባላንጣን ያስታርቃል። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩት በኻያኛው ክፍለ ዘመን ነው። መለያየቱ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ለሚፈልግ ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ጥሩ ምስክር ናቸው።

መነሻው ሩቅ ነው። የነጋሽ አያት ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ፤ በዓመቱ እምባቦ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ድል ተመተው ተማረኩ። በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ግዛታቸው ተከፋፈለ። የነጋሽ አባት ራስ በዛብህ ለአጭር ጊዜ ገዝተው በእስር አበቁ፤ በኋላ ጎጃምን ጠቅልለው የያዙት ወንድማቸው ራስ ኃይሉም በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው አገሩ ለራስ እምሩ ተሰጠ። በአጭሩ፣ ነጋሽ የወረሱት ስም እንጂ ግዛት አልነበረም።

ግዛት የሰጣቸው ጦርነት ነው። ጣሊያን ከገባ በኋላ በቡሬና በዳሞት በኩል ሁለት ታላላቅ የአርበኛ አለቆች ወጡ፦ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ። ጠላታቸው አንድ ቢሆንም እርስ በርስ አይተማመኑም ነበር። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ሲገባ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረውት ነበሩ። የመልእክተኞቹ የመጀመሪያ ሥራ ጥይት ማደል ሳይሆን ሽምግልና ሆነ። መስከረም 1933 ዓ.ም. ሁለቱ ደጃዝማቾች ተስማምተው ፈረሙ። በእኔ ግምት ይህ ፊርማ ከብዙ ውጊያ ይበልጣል፤ ለኋላው ዘመቻ መንገዱን የጠረገ እርሱ ነውና። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። የካቲት 25 ቀን በቡሬ ምሽግ የነበረው ብዙ ሺሕ የጣሊያን ጦር፣ 2,000 የማይሞላውን የእንግሊዛዊውን መኮንን የዊንጌትን ጦርና በየጫካው ያለውን አርበኛ ፈርቶ ለቅቆ ወጣ። ሽሽቱ ዛሬ ከቡሬ በፍኖተ ሰላም ወደ ደንበጫ በምንጓዝበት አቅጣጫ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተከትለው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከድል በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። መንግሥት ደመወዝተኛ ጦርና ከአዲስ አበባ የሚሾም ገዥ አቆመ። የአርበኛ አለቃ ማዕረግ ተሰጠው፣ ጦሩን ግን አጣ። አርበኛው በላይ ዘለቀ ይህን አልተቀበለም፤ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ነጋሽ ሌላውን መንገድ ያዙ፤ ቢትወደድ ተብለው የሴኔት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ነገር ግን ሴኔቱ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመ፣ አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚመርጡት ምክር ቤት ነበር። ትናንት በቃሉ ሰው ያዘምት ለነበረ መሪ ትልቁ ወንበር የተሰጠው ትንሹ ሥልጣን ባለበት ቤት ነው። በ1943 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አስወግዶ ሪፐብሊክ ለማወጅ የተዶለተ ሴራ ሳይፈጸም ተደረሰበት፤ መሪው የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ታሰሩም። የንጉሥ የልጅ ልጅ ሪፐብሊክን ማሰቡ ያስገርማል፤ የሐሳቡን ጥልቀት መመርመር የባለሙያ ድርሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጥኖ ይነገራል። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ነበሩ፤ ከነጋሽ በተለየ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ስለሆኑ የሚያዝዙት ጦር በእጃቸው ነበረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ራሱ ሸፈተ፤ አውሮፕላን ቢዘምትበትም ግብሩ ሳይከፈል ቀረ። በ1967 ዓ.ም. ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም የደርግ ሊቀ መንበር ሲሆኑ ወታደርነትና ፖለቲካ እንደገና ተገናኙ፤ መገናኛቸው ግን የጦር ሰፈር ነበር፣ አገር ቤት አልነበረም።

በነዚህ ሁሉ መካከል የነጋሽ ስም በታሪክ መጻሕፍታችን ከጥቂት መስመር አያልፍም። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዳሞት ገጠር ከአያት የቆየ፣ የዚያ ዘመን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በሳጥን ያኖራችሁ ሁሉ፣ ቅጂውን ለቤተ መዛግብት ብትሰጡ የሕይወት ታሪካቸው በወጉ ሊጻፍ ይችላል።